ከጥላ ውስጥ የምትዘምረው፦ ስለ ሂል ባብለር ጥያቄና መልስ

ስለ ደን ወፎች ጥያቄ ስትልኩልኝ የቆያችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ከጥያቄዎቹ መካከል ብዙዎቹ አንዲት ወፍ ላይ ስላረፉ፣ ሌሎቹን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ዛሬ ስለ እርሷ ብቻ እመልሳለሁ። በእንግሊዝኛ «አፍሪካን ሂል ባብለር» ትባላለች፤ የሳይንስ ስሟ «ሲልቪያ አቢሲኒካ» ነው። ርዝመቷ ከምንቃሯ ጫፍ እስከ ጅራቷ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ራሷ አመድማ፣ ጀርባዋና ክንፏ ዳማ፣ ጉሮሮዋና ደረቷ ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ ሆዷ ነጣ ያለ ነው። ቢጫ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ የሚባል ነገር በላይዋ የለም። ከዚህ በኋላ በአጭሩ «ሂል ባብለር» እላታለሁ፤ ከትልልቆቹ ዛፎች በታች ያለውን ቁጥቋጦ፣ ሐረግ፣ ችግኝና የረገፈ ቅጠል ደግሞ «ሥረ ጫካ» እለዋለሁ፤ ሁለቱን ስሞች ደጋግሜ ስለምጠቀም አስቀድማችሁ ያዙልኝ።

ከአዲስ አበባ፦ ወፍ ማየት ከጀመርሁ 10 ዓመት ሆኖኛል፤ ይህችን ወፍ ግን አንድ ቀን እንኳ አላየኋትም። እውነት አለች ወይ? ካለችስ የት ሄጄ ልያት?

አለች፤ ብርቅ ወፍም አይደለችም። እርስዎ ያላዩዋት በዓይን ስለሚፈልጓት ይመስለኛል። እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ እርስዎ ነበርሁ። በባሌ፣ ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ ካለው ብርዳም ሜዳ በድንገት ወደ ሐረና ጫካ ይዘልቃል፤ መጀመሪያ አስታው፣ ቀጥሎ ኮሶውና ቀርቀሃው፣ ዝቅ ሲሉ ደግሞ ግዙፎቹ የጫካ ዛፎችና በሥራቸው የበቀለው ቡና ይመጣሉ። አንድ ጥዋት ከመንገዱ ዳር ወደ ጫካው 20 እርምጃ ያህል ገብቼ ከአንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት አልሞላም ነበር። የዋሽንት ድምፅ የመሰለ፣ ሳይቸኩል ከፍ ዝቅ እያለ የሚንከባለል ዜማ ከፊቴ ካለው የሐረግ ጥምጥም ውስጥ መጣ፤ እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቅርብ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል እየሰማሁ አንዲት ላባ አላየሁም። በመጨረሻ አንድ ቅጠል ሳይሆን አንድ ሐረግ ሲነቃነቅ አየሁና ዓይኔን እዚያ ላይ ተከልሁ፤ አመድማ ራስ ብቅ አለ፣ ከቅጠሉ ሥር አንድ አረንጓዴ ትል መዝዛ ወሰደች፣ ጉሮሮዋ ሲንቀጠቀጥ ታየኝ፣ ከዚያ ተሰወረች። ያየኋት ከ3 ሰከንድ አይበልጥም። ከዚያ ቀን በኋላ ባይኖኩላሬን አንገቴ ላይ ትቼ በጆሮዬ መፈለግ ጀመርሁ፤ ቁጥሯ ከገመትሁት እጅግ የበዛ ሆኖ አገኘሁት።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ወደ ሐረና ወይም ወደ ደቡብ ምዕራቡ፣ ለምሳሌ ወደ ቦንጋ አካባቢ ደኖች ሲሄዱ፣ ገና ሳይነጋ ጫካ ውስጥ ይገኙ፤ ሳይንቀሳቀሱም ይቀመጡ። እየተራመዱ የሚፈልጓት ከሆነ ከእርስዎ ቀድማ ትሰማዎታለች።

ከባሕር ዳር፦ እንዲህ ያለ ውብ ድምፅ ያላት ወፍ መልኳ ለምን እንዲህ ደበዘዘ?

ሁለቱም የአንድ ኑሮ ውጤቶች ናቸው። በጥቅጥቅ ሞቃታማ ደን ውስጥ ከላይኛው የዛፍ ጣሪያ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን ሥረ ጫካው ዘንድ የሚደርሰው በአብዛኛው ከ100 እጅ 1 ወይም 2 ያህል ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ጥላ ውስጥ ደማቅ ላባ ለትዳር ጓደኛም ሆነ ለተቀናቃኝ ከሩቅ አይታይም፤ በአጋጣሚ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ለጭልፊት ምልክት ይሆናል። በመሆኑም በአፍሪካ የሥረ ጫካ ወፎች ዘንድ ግራጫ፣ ዳማና ወይራማ አረንጓዴ እጅግ የተለመዱ ቀለሞች ናቸው፤ ባለቤትነትን የማሳወቅ፣ ጓደኛ የመጥራትና ጎረቤትን የማስጠንቀቅ ሥራ የወደቀው በድምፅ ላይ ነው።

ድምፁም ቢሆን እንዲሁ የመጣ አይደለም። ቀጭንና ፈጣን ድምፅ በቅጠልና በግንድ እየተመታ ይበታተናል፣ ከገደል ማሚቶውም ጋር ይደባለቃል፤ ወፈር ያለና ረጋ ያለ ፉጨት ግን በቅጠሎቹ መካከል አልፎ ሩቅ ይደርሳል። የሂል ባብለርን ዜማ ከሜዳ ወፎች የተንጫጫ ድምፅ ጋር ጎን ለጎን ያዳመጠ ሰው ልዩነቱን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

ከፍራንክፈርት፦ የምኖረው ጀርመን ነው። እዚህ ባለው የዜንከንበርግ ሙዚየም ከኢትዮጵያ የመጡ ወፎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ከዚህች ወፍ ጋር ግንኙነት አለው?

አለው፤ እንዲያውም የሚኖሩባት ከተማ ከዚህች ወፍ የጽሑፍ ታሪክ ጋር በቀጥታ የተያያዘች ናት። ኤድዋርድ ሩፔል በ1794 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ፍራንክፈርት የተወለደ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። ከ1831 ጀምሮ በምፅዋ በኩል ገብቶ ሰሜንን አቋርጦ እስከ ጎንደር ተጉዟል፤ በጉዞው የሰበሰባቸው ናሙናዎችም ለዜንከንበርግ ተቋም ገብተዋል። ይህችን ወፍ በ1840 ለሳይንስ ያስተዋወቃት እርሱ ነው። ያን ጊዜ የሰጣት የወገን ስም፣ ማለትም የቅርብ ዘመዳሞች የሚጋሩት የመጀመሪያው የሳይንስ ስም፣ «ድሪሞፊላ» ሲሆን፣ ከግሪክ የተወሰደ ሆኖ «ጫካ ወዳድ» ማለት ነው። እኔ ከተሰጧት ስሞች ሁሉ የበለጠ የሚስማማት ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ ግን አልጸናላትም።

ከዚያ በኋላ ስሟ ብዙ ቤት ዞሯል። መልኳን ብቻ ያዩ ሊቃውንት የእስያ ወፎች ከሆኑት «አልሲፔ» ከሚባሉት ጋር መደቧት። በ1923 ደግሞ «ሲውዶአልሲፔ»፣ ማለትም «ሐሰተኛ አልሲፔ» የሚል የወገን ስም ተፈጠረ፤ እርሷም እዚያ ገባች። ሌሎች ከአፍሪካዎቹ «ኢላዶፕሲስ» ጋር ቀላቀሏት። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የዘር ቅንጣት (ዲ.ኤን.ኤ.) ምርመራ ሲደረግ ከእነዚህ አንዱም ትክክል እንዳልሆነ ታወቀ፤ ዘመዶቿ «ሲልቪያ» የሚባሉት ሆነው ተገኙ። ዳማና ግራጫ የሆኑ ወፎችን በላባቸው ብቻ ማዛመድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ከእስራኤል፦ «ሲልቪያ» ስትል በቤታችን ግቢ የምትመጣዋን ባለ ጥቁር ቆብ ወፍ አስታወስኸኝ። እርሷ ዘመዷ ናት?

አዎን፣ የቅርብ ዘመዷ ናት። እርስዎ የሚሏት በእንግሊዝኛ «ብላክካፕ» የምትባለዋን ነው፤ የወንዱ አናት ጥቁር፣ የሴቷ ቡናማ ነው። በአውሮፓ ትራባና በመከርና በጸደይ በእስራኤል በኩል ታልፋለች፤ ከፊሎቹ ወርደው የአውሮፓን የብርድ ወራት በምሥራቅ አፍሪካ፣ የኢትዮጵያን ደጋዎች ጨምሮ፣ ያሳልፋሉ። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ አንዲት ከአውሮፓ የመጣች ብላክካፕና አንዲት ከጫካዋ ወጥታ የማታውቅ ሂል ባብለር በአንድ ደን፣ አንዳንዴም በአንድ የፍሬ ቁጥቋጦ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። የሁለቱን ዜማ በተከታታይ ለሚያዳምጥ ሰው ዝምድናው በጆሮም ይሰማል፤ ሊቃውንቱ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀባቸውን ጉዳይ ጆሮ ቀድሞ ጠቁሞት ነበር ማለት ይቻላል።

በዚሁ ወገን ውስጥ የገባች ሌላ የሀገራችን ልጅም አለች። በእንግሊዝኛ «አቢሲኒያን ካትበርድ» የምትባለው፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማትገኘው ወፍ ናት። ግራጫ ናት፣ ከጅራቷ ሥር ቀይማ ዳማ አለባት፣ ከሂል ባብለርም ተለቅ ትላለች። ወንዱ ጮክ ብሎ ሲዘምር ሴቷ በሚያጉረመርም ድምፅ ስትመልስለት መስማት ለእኔ ከደጋ ጥዋቶች ሁሉ የሚበልጥ ደስታ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ ደግሞ በፕሪንሲፔ ደሴትና በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ሌሎች ዘመዶች አሏቸው።

ከናይሮቢ፦ እኔ የማውቀው በምዕራብ ኬንያ ካካሜጋ ጫካ ውስጥ ያሉትን «ኢላዶፕሲስ» የሚባሉትን ቡናማ ወፎች ነው። ልዩነታቸውን ልታስረዳን ትችላለህ?

ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም የዓይን አፋርነትና የመልክ መደብዘዝ መጨረሻው ኢላዶፕሲስ ነውና። ኢላዶፕሲሶች ከምዕራብ አፍሪካ ደኖች አንሥቶ ኮንጎን አቋርጠው እስከ ዩጋንዳ፣ ምዕራብ ኬንያና ታንዛንያ የሚዘልቁ የመሬት ወፎች ናቸው። ጀርባቸው ቡናማ፣ ሆዳቸው ፈዘዝ ያለ ነው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው የጉሮሮው ንጣት፣ የደረቱ ጥላ ወይም የእግሩ ቀለም በመሆኑ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ በዓይን መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ልምድ ያላቸው ሰዎች በፉጨታቸው ነው የሚለዩዋቸው።

በኑሮም ይለያሉ። ሂል ባብለር ከመሬት ከፍ ብላ በሐረግና በቁጥቋጦ ላይ ቅጠል ለቅጠል እየፈለገች ነፍሳትና ትናንሽ ፍሬ ትበላለች። ኢላዶፕሲስ ግን በአብዛኛው መሬት ላይ ነው፤ በጥንድ ወይም በትንሽ ቡድን ሆኖ የረገፈ ቅጠል እየገለበጠ ጥንዚዛ፣ ምስጥና ሸረሪት ይለቅማል። የጉንዳን ሠራዊት ሲያልፍ ደግሞ ከፊቱ የሚሸሹትን ነፍሳት ለመያዝ ከሌሎች ወፎች ጋር ይሰበሰባል። በካካሜጋ በዚህ ሥራ የተካኑ ሌሎች ወፎች አሉ፤ ጅራተ ነጭ የጉንዳን ድምድምና ደረተ ቡናማ አሌቴ የሚባሉት ሁለት ወፎች ጉንዳኑን ተከትለው መኖር ዋና ሙያቸው ነው። ወፎቹ የሚበሉት ጉንዳኑን ራሱን እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ ጉንዳኑ ከቅጠል ሥር የሚያስወጣውን ነው።

ስለ ካካሜጋ ካነሣን አይቀር፣ ከዚያ ጫካ ስሟን የወሰደች አንዲት ደረተ ግራጫ ወፍ አለች። ለረጅም ጊዜ ኢላዶፕሲስ ናት ተብላ ኖራ፣ በ1978 (እ.ኤ.አ.) «ካካሜጋ» የሚል የራሷ ወገን ተሰጣት። የዘር ምርመራውም ከኢላዶፕሲስ ጋር ምንም የቅርብ ዝምድና እንደሌላት አሳየ። በዚያ ጥላ ውስጥ ስንት የተለያየ ዘር ያለው ቤተ ሰብ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ እንደሚኖር ለማሳየት ይህ ብቻ ይበቃል።

ከጅማ፦ ቡና ገበሬ ነኝ። ቡናዬ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው ያለው። በየዓመቱ ሥሩን እመነጥራለሁ። ይህችን ወፍ እየጎዳኋት ነው?

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በቅንነት ስለ ጠየቁ አመሰግናለሁ፤ ከሁሉ ሰፋ አድርጌ የምመልሰውም ይህንኑ ነው።

አስቀድሜ የሚያስመሰግንዎትን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ የጥላ ቡና ማሳዎችና በተፈጥሮ ደን ውስጥ ለዓይን በማይታይ ቀጭን መረብ ወፎችን እየያዘና እየለቀቀ ቆጥሯል። ውጤቱ የጥላ ቡናን ክብር ከፍ ያደረገ ነው፦ በቡናው ውስጥ የተያዙት የወፍ ዓይነቶች ከደኑ ከእጥፍ በላይ ነበሩ፤ በደኑ ውስጥ የተመዘገበ ዓይነት ሁሉ በቡናውም ተገኝቷል። ዛፉን ሁሉ ጥሎ ቡናን በፀሐይ ከሚያሳድግ የሌላ ሀገር እርሻ ጋር ሲነጻጸር የእርስዎ ማሳ ለወፎች በረከት ነው።

ሆኖም ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። የደን ብቻ የሆኑ ወፎችና በሥረ ጫካ ነፍሳት እየለቀሙ የሚኖሩት ከጠቅላላው ወፍ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ በተፈጥሮ ደኑ ውስጥ የበለጠ ነበር። አንድ ዓይነት «ተገኘ» ማለትና «በብዛት ይኖራል» ማለት የተለያዩ ናቸው። ምክንያቱን ለመረዳት እርስዎ ራስዎ በየዓመቱ የሚሠሩትን ማየት ይበቃል። በዱር የበቀለው የጫካ ቡና ሰው እየመነጠረ ወደሚይዘው ከፊል የጫካ ቡና ሲለወጥ የሚነካው መጀመሪያ ከላይ ያለው ዛፍ አይደለም። ሐረጉ ይቆረጣል፣ ቁጥቋጦው ይመነጠራል፣ ነገ ዛፍ የሚሆነው ችግኝ አብሮ ይታጨዳል፤ ቀረሮው፣ ዋንዛውና ቢሳናው ግን ቆመው ይቀራሉ። ከሰማይ በሳተላይት ለሚያይ ሰው ጫካው አልተነካም፤ በመንገድ ለሚያልፍም እንዲሁ። ለሂል ባብለር ግን ቤቷ ፈርሶ ጣሪያው ብቻ ቀርቷል። ስለ ደናችን ስንነጋገር የሚያሳስበኝ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ደንን የምንለካው በዛፍ ጣሪያ ነው፣ ከጣሪያው ሥር ያለው ሕይወት ግን በዚያ መለኪያ ውስጥ አይገባም።

እኔም ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ለብዙ ዓመታት እየተመላለስሁ የማዳምጥበት አንድ የቡና ጫካ ነበር፤ ከአንድ ጅረት እስከ ሌላው ስሄድ 4 የተለያዩ ዘማሪዎች እቆጥር ነበር። አንድ ዓመት ስመለስ ሥሩ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ተመንጥሯል፤ ቡናው አምሮበታል፣ ዛፎቹም ሁሉ በቦታቸው ናቸው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተቀምጬ ከጅረቱ ዳር ካልተመነጠረው ጠባብ ጥጋት አንዲት ብቻ ሰማሁ። ሥራውን የሠራው ገበሬ ደግ ሰው ነው፤ ቡናም አፍልቶ ጠጥተናል፤ ወፎቹን ሊያባርር አስቦ ያደረገው ምንም ነገር አልነበረም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቡናዎን ተዉ አልልም፤ ልጆች የሚያድጉበት ነው። ነገር ግን የጅረቱን ዳር ሁለት በኩል፣ ገደላማውንና ለቡና የማይመቸውን ቦታ ሳይመነጥሩ ቢተዉ፣ እነዚህም ጥጎች እርስ በርሳቸው እንዲገናኙ ቢያደርጉ ትልቅ ነገር ነው። መገናኘታቸውን አጥብቄ የምናገረው የሥረ ጫካ ወፎች ክፍት ቦታ ማቋረጥ ስለሚፈሩ ነው፤ እኛ በደቂቃ የምናልፈው ሜዳ ለእነርሱ እንደ ባሕር ሊሆን ይችላል። በታንዛንያ በምሥራቅ ኡሳምባራ ተራሮች ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወፎችን በመረብ እየያዘና በእግራቸው ቀለበት እያሰረ የተከታተለው ሥራም በሻይ እርሻና በመንደር ተቆራርሰው ከቀሩ ትናንሽ ጥጎች የሥረ ጫካ ወፎች ቀስ በቀስ እንደሚጠፉ አሳይቷል። ከዚህም ሌላ ሲመነጥሩ ጥቂት ችግኞችን ለይተው ይተዉ፤ ዛሬ ጥላ የሚሰጥዎት ዛፍ ሲያረጅ የሚተካው ያ ነው።

ከሐዋሳ፦ ባሕር ዛፍም ዛፍ ነው፤ እዚያ ውስጥ ለምን አትኖርም?

ሥረ ጫካ ስለሌለው ነው። በረድፍ ከተተከለ የባሕር ዛፍ ሥር ሐረግ፣ ቁጥቋጦና በነፍሳት የተሞላ እርጥብ ቅጠል አይገኝም፤ ጎጆ የምትሠራበትም ሆነ የምትበላው የላትም።

ከደብረ ታቦር፦ በአካባቢያችን የቀሩት ደኖች የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ናቸው። ይህች ወፍ እዚያ ትገኛለች?

ዋና መኖሪያዋ የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ደጋማ ደኖች ስለሆኑ በእናንተ ዘንድ እርሷን ለመፈለግ መድከምን አልመክርም። ነገር ግን ስለ ሥረ ጫካ ያልሁት ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ደን ይበልጥ እውነት ነው። በቅጥር ውስጥ ያሉት ጽዶችና ወይራዎች ተከብረው ለመቶ ዓመታት ሲቆሙ፣ ከብት ገብቶ ችግኙን ከበላ፣ ደኑ ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር ይመስላል። በደቡብ ጎንደር የኢትዮጵያዊው የደን ሊቅ የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የማርጋሬት ሎውማን ሥራ በትክክል እዚህ ላይ ያተኮረ ነበር፤ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ተባብረው፣ ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ በደኖቹ ዙሪያ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ከብት ሲከለከል ችግኝ ይነሣል፤ ችግኝ ሲነሣ ነፍሳት ይመጣሉ፤ ወፉ ከዚያ በኋላ ነው። በእናንተ ደኖች መሬት ላይ የሚለቅሙ ወፎችን በጥዋት ብታዳምጡ የምትደሰቱ ይመስለኛል።

ከዱባይ፦ ወፏ የመጥፋት አደጋ ተጋርጦባታል?

በዓለም ደረጃ አይደለም። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ከማያሰጉት መደብ ውስጥ ናት። ከኢትዮጵያ አንሥቶ በኬንያና በታንዛንያ እስከ ማላዊና ሰሜን ሞዛምቢክ፣ በምዕራብም እስከ ካሜሩን ድረስ ትገኛለች። እኔ የማዝነው ዘሯ ከምድር ይጠፋል ብዬ ሳይሆን፣ ትናንት የሰማኋት ጫካ ውስጥ ዛሬ ሳጣት ማንም ሳያስተውለው ማለፉ ነው።

ከጎንደር፦ ኢትዮጵያና ካሜሩን እጅግ ይራራቃሉ። ከጫካ የማትወጣ ወፍ እንዴት በሁለቱም ልትኖር ቻለች?

ግሩም ጥያቄ ነው። ዛሬ ደጋማዎቹ ደኖች በሞቃት ቆላ ባሕር የተከበቡ ደሴቶች ናቸው። ምድር ቀዝቅዛ በነበረችበት በበረዶ ዘመን ግን የደጋ ዕፅዋት አሁን ካሉበት ከፍታ ዝቅ ብለው ወርደው ነበር፤ በዚህም ዛሬ የተለያዩት ተራሮች በደን የተቀራረቡባቸው ጊዜያት ነበሩ። አየሩ ሲሞቅ ደኑ ወደ ተራራው ተመልሶ ሲወጣ ወፎቹም አብረው ወጡና ተለያዩ። በካሜሩን ተራራና በቢዮኮ ደሴት ያሉት የእኛዋ ዓይነት ሆነው ጥቂት የመልክ ልዩነት አላቸው፤ በሩዌንዞሪ አካባቢና በካሜሩን ደጋዎች ያለችው ራሰ ጥቁሯ ግን ዛሬ የተለየች ዓይነት ተደርጋ ትቆጠራለች።

ከአዳማ፦ ድምፅዋን በስልክ ከፍቼ ብጠራት ትመጣለች?

ልትመጣ ትችላለች፤ ግን እባክዎን ይጠንቀቁ። ለእርሷ ያ ድምፅ ርስቷን ሊቀማ የመጣ ባላጋራ ነው። ምግብ መፈለጓን ትታ፣ ጎጆ ካላትም ጎጆዋን ጥላ፣ የሌለ ጠላት ፍለጋ ትንከራተታለች፤ እንቁላሏም ብዙውን ጊዜ 2 ብቻ ስለሆነ አንድ ጎጆ ቢበላሽ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በየቀኑ ጎብኚ በሚመላለስባቸው ቦታዎች ደግሞ ይህ ነገር ይደጋገማል። ዜማዋን ቤትዎ ሆነው አጥኑት፤ ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው «ዜኖ ካንቶ» የተባለው የወፍ ድምፅ ክምችት ያለ ክፍያ ያገለግላል። ጫካ ሲገቡ ስልክዎ ለመቅዳት ብቻ ይሁን።

ከቦንጋ፦ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ባይኖኩላር የላቸውም። ስለ ሥረ ጫካ ወፎች ምን ላሠራቸው?

መምህር፣ ይህች ወፍ ባይኖኩላር ከሌላቸው ልጆች ጋር ለመማር የተፈጠረች ናት ማለት ይቻላል። በደኑ ውስጥ እርስ በርስ 200 ሜትር ያህል የሚራራቁ 5 ቦታዎች ምረጡና በዛፍ ላይ ክር አስራችሁ ምልክት አድርጉ። ከቦታዎቹ 2ቱ ሥራቸው የተመነጠረ፣ 2ቱ ያልተመነጠረ፣ 1ዱ በጅረት ዳር ይሁን። ልጆቹ ማልደው በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ለ10 ደቂቃ ዝም ብለው ይቁሙ፤ የሚሰሙትን እያንዳንዱን የተለየ ዘማሪ፣ ከየት አቅጣጫና ምን ያህል ርቆ እንደ ዘመረ፣ በደብተር ላይ በሠሩት ክብ ውስጥ በነጥብ ያመልክቱ። ስሙን ባያውቁት «ዋሽንት»፣ «ፉጨት»፣ «ቅጭልጭል» ብለው ይጻፉ፤ ስሙ በኋላ ይመጣል። በወር አንድ ጊዜ ለአንድ የትምህርት ዓመት ቢደግሙት፣ በተመነጠረውና ባልተመነጠረው መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው ከደብተራቸው ያነቡታል። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ጥብቅ ሥነ ሕይወታዊ ሥፍራ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው የልጆች መዝገብ ለአካባቢው ባለሙያዎችም ይጠቅማል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የአየሩን ሁኔታ መጻፍ ብቻ አትርሱ።

ከወንዶ ገነት፦ ባለፈው ሳምንት ከምንጩ በላይ ባለው ደን ጥዋት አንድ የሚያምር ፉጨት ሰማሁ። ወፏን ለአፍታ አየኋት፤ ደረቷ ብርቱካናማ ይመስላል። እርሷ ትሆን?

አይደለችም። ብርቱካናማ ደረትና ከዓይኑ በላይ ነጭ ቅንድብ ያለው «የሩፔል ሮቢን ቻት» የሚባለው ይመስለኛል፤ በእናንተ ደንና በየግቢው በብዛት አለ፤ ስሙም ከላይ ካነሣሁት ከዚያው ከፍራንክፈርቱ ሰው የመጣ ነው። በድምፅ ለመለየት ይህን ይያዙ፦ ሮቢን ቻት አንድን አጭር ሐረግ ይዞ ደጋግሞ ይለዋል፤ ሂል ባብለር ግን ሳትደግም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሸጋገረች ታንጎራጉራለች። በሚቀጥለው ጊዜ ወደዚያው ደን ሲወጡ ሮቢን ቻቱ ዝም እስኪል ይጠብቁና ከመንገዱ ከፍ ብሎ ሐረግ የበዛበትን ጥግ ያዳምጡ፤ ጥቂት ሰከንድ ያህል እንኳ ከቀዱ ላኩልኝ፣ አብረን እንሰማዋለን።